ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው በማን እጅ ነው?

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ ውስጥ ዘፋኝ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ቪዲዮ እየሠራ መቶ ሺህ ተከታይ ያፈራ አለ፣ ገና ስሙ ያልወጣም ብዙ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ የመዛግብት ሰው ነኝ፤ የእኛ ሥራ የሚጀምረው ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው። ስለ ዝና ማለፍ የሚሰጥ ምክር ብዙውን ጊዜ «ዓለም አላፊ፣ መልክ ረጋፊ» ብሎ ያበቃል። እውነት ነው፤ ግን የሚያልፈውን እንጂ የሚቀረውን አይነግራችሁም። የቀረው ለምን እንደቀረ ስትመረምሩ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ፦ ስንት ቅጂ ነበረው፣ በማን እጅ ነበር፣ ከምን ተሠራ፣ ምን ተብሎ ተጻፈበት።

በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በአዱሊስ ከተማ መግቢያ ላይ አንድ የእብነ በረድ ዙፋን ነበር። በላዩ አንድ የአክሱም ንጉሥ የወጋቸውን ሕዝቦች፣ ያስገበራቸውን አገሮች፣ ከባሕር ማዶ ያዘመተውን ጦር በግሪክኛ አስቀርጿል፤ ከእርሱ በፊት ከነበሩት ነገሥታት ይህን ያደረገ ማንም እንደሌለም ጨምሯል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዐፄ ካሌብ ወደ ደቡብ ዓረብ ለመዝመት ሲሰናዱ፣ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክላቸው አዘዙ። የአዱሊስ ገዥ ሥራውን ኮስማስ ለሚባል ነጋዴና ለባልደረባው ሰጠ። ሁለቱ ገልብጠው አንዱን ቅጂ ለገዥው አስረከቡ፤ ለራሳቸውም አስቀሩ። ኮስማስ ከዓመታት በኋላ ቅጂውን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። ዛሬ ዙፋኑ የለም። ለቤተ መንግሥት የተላከው ቅጂም የለም። የደረሰን ነጋዴው ለራሱ ያስቀረው ነው። የጽሑፉ መጀመሪያ ስለጎደለ ደግሞ ያ ሁሉ ፉከራ የማን እንደሆነ አናውቅም። አገሮቹ በስም ተዘርዝረዋል፣ ንጉሡ ስም የለውም።

ወደ አክሱም ከተማ ስትሄዱም ያው ነው። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመት አለው፣ ክብደቱ ከ500 ቶን ይበልጣል፣ በርና መስኮት እስከነመወርወሪያው ተቀርጾበታል፤ ለማን እንደተሠራ የሚናገር አንድ ፊደል ግን የለበትም። በአንጻሩ ከሳንቲሞቻቸው በቀር ሌላ ማስረጃ ያልተገኘላቸው የአክሱም ነገሥታት አሉ። ሳንቲሙ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን በሺዎች ተመትቶ በገበያ፣ በመርከብ፣ በመቀነት ውስጥ ተበተነ፤ በብዙዎቹም ላይ ስም አለ። በአንዳንዶቹ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ለባለሥልጣን ገንዘብ እንግዳ የሆነ ትሕትና ነው። ሁለቱን አነጻጽሩ፦ ግዙፍ ሆኖ አንድ የሆነ፣ ትንሽ ሆኖ በብዙ እጅ የገባ።

መጽሐፈ ሄኖክን ደግሞ አስቡ። በግሪክኛ የተረፈው ከፊሉ ነው፤ በአራማይክ የተገኘው በሙት ባሕር አጠገብ ካሉት ከቁምራን ዋሻዎች የወጣ ቁርጥራጭ ነው። ሙሉው ያለው በግዕዝ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የቆየው በአንድ ጥሩ ሣጥን ስለተቆለፈ አይደለም፤ ይነበብ ስለነበር፣ የሚነበብ መጽሐፍ ያልቃልና ሌላ ይገለበጥ ስለነበር ነው። የገለበጡት ጸሐፍት ስም በአብዛኛው ጠፍቷል።

ከዚህ የምወስደው፣ ስምና ሥራ አብረው እንደማይጓዙ ነው። ካልታሰሩ ይለያያሉ፤ አንዱ ሲደርስ አንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። የድሮ ጸሐፍት ይህን ያውቁ ነበር። በብራና መጨረሻ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ ወለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ» እያሉ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ለሰማው ምሕረት ይለምናሉ። ጸሎት ነው፤ ለእኔ ግን አንድ ሥራ ዕድሜ እንዲያገኝ የሚያስፈልጉት ሰዎች ዝርዝርም ነው። ጸሐፊው ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። ያስጻፈውም ስሙን በአንድ ቦታ አያኖርም፤ በመጽሐፉ ውስጥ በየጸሎቱ መሐል ደጋግሞ ያስገባል። መጽሐፉ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ይጽፋልና። ሁሉንም ለመፋቅ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዱ ስም ይረሳና ይተርፋል።

የእናንተም ስም በአራት ቦታ ይቀመጥ፦ በፋይሉ ስም፣ በፋይሉ ውስጣዊ መረጃ፣ በሥራው ውስጥ፣ ከሥራው ጋር በሚቀመጥ አንድ ገጽ ላይ። ድምፅ ወይም ቪዲዮ ስትቀርጹ መጀመሪያው ላይ ለ10 ሰከንድ ተናገሩ፦ «ዛሬ ቀኑ ይህ ነው፣ ቦታው ይህ ነው፣ የሚጫወተው እከሌ ነው፣ የሚቀርጸው እከሌ ነው።» ለሕዝብ ስታወጡት ይቆረጣል፤ በዋናው ቅጂ ላይ ግን ይኑር። የፋይል ስም ሊቀየር፣ ወረቀቱም ሊጠፋ ይችላል፤ ከድምፁ ጋር የተቀረጸው ግን ድምፁ እስካለ አለ።

ስም ስትጽፉ እስከ አያት ጻፉ። ስምና የአባት ስም ብቻ በእኛ አገር ማንንም ለይቶ አያሳይም፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሦስት ድምፃውያን ሊኖሩ ይችላሉ። የመድረክ ስም ካላችሁ ከሙሉ ስማችሁ ጋር አጣምሩት። በላቲን ፊደል ደግሞ አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ የፓስፖርቱ ይሻላል። ከዚያ አትለዋውጡ። ስለ ሞክሼ ፊደሎችም ላንሣ። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንዱ የጻፋችሁትን በሌላው የሚፈልግ ሰው «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በርእሱ ላይ አንዱን አጻጻፍ አጽኑ፣ በመግለጫው ውስጥ ሌሎቹን ዘርዝሩ።

ቀን ላይ የምናየው ስሕተት ከሁሉ ይበልጣል። ከፎቶ ጀርባ «2012» ብቻ የሚል ጽሑፍ ከ50 ዓመት በኋላ ምን ማለት ነው? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እ.ኤ.አ. 2019 ወይም 2020 ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ በእኛ 2004 ወይም 2005 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ስለሆነ ወሩ ካልተጻፈ ማስላትም አይቻልም። ካሜራችሁና ስልካችሁ በፈረንጅ ይቆጥራሉ፤ እጃችሁ በኢትዮጵያ ይጽፋል፤ ሁለቱ በአንድ ማኅደር ውስጥ ሲቀላቀሉ ተመራማሪ ያብዳል። ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ። ሰዓትም እንዲሁ፦ «2 ሰዓት» ብቻ አትበሉ፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» በሉ። ለፋይል ስም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል፣ ወሩም ቀኑም በሁለት አኃዝ ይሁን፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል።

አሁን ወደ ቁሱ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ከዓድዋ ብዙም ሳይርቅ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ የተሠሩ መሆናቸው ተገምቷል። ብራና እንዲህ የሚቆየው ለምንድን ነው? የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ተነክሮ በመወጠሪያ እንጨት ላይ በጠፍር ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፤ እንደተወጠረም ይደርቃል። እንደ ጫማ ቆዳ አይለፋም፤ ውስጡን ቀስ በቀስ የሚበላ አሲድ የለበትም። ጥቁሩ ቀለም ደግሞ መሠረቱ ጥላሸት ነው፤ ከተቃጠለ እህልና ከሙጫ ጋር ተደባልቆ ለብዙ ጊዜ ይብላላል። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ብርሃን አያደበዝዘውም፣ ብራናውንም አይበላም። በሌላው ዓለም በብዛት ይሠራበት የነበረው ከብረት የሚሠራ ቀለም ግን ዘመናት ሲያልፉ ወረቀቱን በፊደሉ ቅርጽ ይበሳዋል።

ድካምም አለው። የጥላሸት ቀለም ወደ ውስጥ ሰርጎ አይገባም፣ በላዩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ውኃ ያጥበዋል፣ ደጋግሞ የሚነካ ጣትም ይልጠዋል። ብራናው ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ ሲደጋገም ቀለሙ ይሰነጠቃል። ወፍራሞቹ የእንጨት ገበታዎች ቅጠሉን ተጭነው የሚይዙት፣ የቆዳው ማኅደርም የሚሸፍነው ለዚህ ነው። ብራናን ከጊዜ ይልቅ የሚያጠፋው የሚያፈስ ጣሪያ፣ የጧፍ ጠብታ፣ አይጥና ሌባ ነው። ስትይዙት ነጭ ጓንት አያስፈልጋችሁም፤ ጓንት ጣትን ያደነዝዝና ጠርዙን ያስቀድዳል። ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይበቃል።

እናንተ በብራና አትጽፉም፤ መርሑ ግን ይሠራል። ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ የሚቆየው መጻፊያ እርሳስ ነው፤ እርሱም ካርቦን ስለሆነ የጥላሸት ዘመድ ነው። ፎቶ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ በጠርዙ በኩል፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ በፊት ለፊት ይታያል፣ ቀለሙም ወደ ሌላው ፎቶ ይጋባል። ለሰነድ የሌዘር ፕሪንተር ምረጡ፤ የተለመደው ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር አንድ የውኃ ጠብታ ይበቃዋል። የባንክ ማሽን የሚሰጣችሁ ዓይነት ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ በጥቂት ዓመታት ነጭ ይሆናል፤ የምትፈልጉት ከሆነ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አድርጉት። ጋዜጣ ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ራሱ አሲድ ያመርታል፤ ቢጫ ሆኖ ይፈረካከሳል። ስለ እናንተ የተጻፈውን ጋዜጣ ቆርጣችሁ ከፎቶ ጋር አታስቀምጡ፤ ፎቶውንም ያቆሽሻል። በደህና ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና ገጹን ጻፉበት።

እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉ። በአገራችን ዲፕሎማ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአያት ፎቶ ሁሉ በፍቅር ላሚኔት ይደረጋል። ማሽኑ በሙቀት ማጣበቂያውን ወደ ወረቀቱ ውስጥ ያቀልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ሳይጎዳ የሚያላቅቀው የለም። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይጨማደዳል፣ እርጥበት በጠርዙ ከገባም ሻጋታው ከውስጥ ይበቅላል። ስኮች ፕላስተርም ያው ነው፦ ማጣበቂያው ቢጫ ሆኖ ይሰርጋል፣ ፕላስቲኩ ይወልቃል፣ እድፉ ይቀራል። የብረት ስፌትና አግራፍ ይዝጋሉ፤ አውጧቸው።

ሣጥኑን ከወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ቧንቧ ሲፈነዳ ውኃው የሚሄደው በወለል ነው። የውጭ ግድግዳ ላይ አታስጠጉ፤ በክረምት ግድግዳው ይቀዘቅዝና ላብ ይይዘዋል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይነሣል። በፌስታል ጠቅልላችሁ ካሠራችሁት ደግሞ እርጥበቱን አብራችሁ አሠራችሁት። ወር በወር ክፈቱ፤ ምስጥና ብል የሚወዱት ማንም የማይነካውን ነው።

ካሴትና ትልቁ የሪል ቴፕ ሌላ ጉዳይ ናቸው። በቤታችሁ የአባት ወይም የአያት ክር ካለ፣ «እስቲ እንስማው» ብላችሁ አሮጌ ቴፕ ውስጥ አትክተቱ። ድምፁ ያለው በቀጭን ፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ በተያዘ የብረት ዱቄት ነው። ማጣበቂያው እርጥበት ሲስብ ተልፈስፍሶ ይጣበቃል፤ ስታጫውቱት ይጮኻል፣ ዱቄቱም በማጫወቻው ራስ ላይ ይቀራል። በዚያ የቀረው የአያታችሁ ድምፅ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሪል ባለሙያ በ50 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት በጥንቃቄ አሙቆ ለጥቂት ጊዜ ያድነዋል፤ ነገር ግን ይህ ለሁሉም የክር ዓይነት አይሆንም፣ አንዳንዱን ጭራሽ ያበላሻል፣ የወጥ ቤት ምድጃም መሣሪያው አይደለም። ደህና ክር ከሆነ የማጫወቻውን ራስ በአልኮል ጠርጉ፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ አጠንጥኑ፣ ከዚያ በመጀመሪያው ማጫወት ቅዱት፤ ሁለተኛ ዕድል እንዳለ አትቁጠሩ። ዋቭ በሚባለው የፋይል ዓይነት፣ በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ ቅዱ፤ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ 2 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ኤምፒ3 ለማድመጥ ነው፣ ለማቆየት አይደለም፤ የጣለውን ድምፅ መልሶ አያመጣውም።

ከሁሉ የማዝነው ግን በቅርብ ጊዜው ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒዩተሮች የጋራ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በእኛ አገር ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ መንገድ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ፊደሎቻችንን ባስቀመጠባቸው ፎንቶች ነበር። ስንት ልብ ወለድ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የዕድር መዝገብ በዚያ መንገድ ተጽፏል! ዛሬ ፋይሉን ስትከፍቱት የሚታያችሁ የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ ነው። ብራናው ከ1,400 ዓመት በኋላ ይነበባል፤ የዲስኩ ጽሑፍ በ25 ዓመት ምሥጢር ሆነ። የቤተሰብ ሰው እንዲህ ያለ ፋይል ካለው፣ መጀመሪያ ፎንቱን አብራችሁ አስቀምጡ፤ ያለ ፎንቱ ቁልፍ የለውም። ፎንቱ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ከተገኘ ሙሉውን በወረቀት አትሙት። ቀጥሎ ወደ ዩኒኮድ ለውጡትና ከታተመው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ በአንዳንዶቹ ፎንቶች አንድ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ተገጣጥሞ ስለሚሠራ መለወጫው ሣልሱን ከኃምሱ፣ ሳድሱን ከሳብዑ ሊያምታታ ይችላል። ለራሳችሁ አዲስ ሥራ ግን በዩኒኮድ ጻፉ፤ ዋናውን በጽሑፍ ፋይል፣ አንድ ቅጂ በፒዲኤፍ፣ አንድ ቅጂ በወረቀት አስቀምጡ።

የእጅ ጽሑፍ ደብተር ካላችሁ ስልካችሁ ይበቃል። ለኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ለማግኘት 2480 በ3508 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ይህም ከ9 ሜጋፒክስል በታች ነው። ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ፍላሽ አይብራ፣ ብርሃን ከሁለት ጎን ይምጣ፣ በገጹ ጠርዝ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ መጠኑን የሚነግረው ማስመሪያው ነው። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩ፣ እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ ተጨምቆ ይደርሳል። ማኅበራዊ ገጻችሁ ላይ ያለውም የተጨመቀ ቅጂ ነው። ገጹ መድረክ ነው፤ ማስቀመጫ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ያ ሁሉ ተከታይ የታሰረው በአንድ የስልክ ቁጥር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

የመጠባበቂያው ደንብ የታወቀ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከቤት ውጭ ስል ሌላ ክፍል ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ይሻላል። ፍላሽ ዲስክ ለማጓጓዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም፤ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙሌት ስለሆነ ዓመታት ተቀምጦ ሲቆይ ሙሌቱ ይፈሳል። ሃርድ ዲስክ በአምስት ዓመት ይተካ፣ ባይበላሽም። በዓመት አንድ ቀን፣ ዘመን መለወጫን ብትይዙ አትረሱትም፣ ፋይሎቹን ክፈቱና ተመልከቱ። ማንም ያልከፈተው ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ይህን ደንብ በትልቁ ያሳያል። ከየገዳሙና ከየአድባራቱ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ተነሡ፤ ፊልሙ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በአሜሪካ በሚኒሶታ ኮሌጅቪልም ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ምን እንዳሳለፈች ታውቃላችሁ። ፊልሙ ግን እንዲሁ ቢቀመጥ የታሸገ ሣጥን ነበር። የከፈተው ካታሎጉ ነው፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርተ ዓመታት ብዙ ሺህ ብራና እያነበቡ ምን እንደያዘ፣ የማን እንደነበረ፣ በዳሩ ምን እንደተጻፈ መዝግበዋል። ለእኛ ሙያ ዋናው ነገር እንዲህ ያለው ዝርዝር ነው፤ ለመድረክ ግን አይመችም።

ቁስ ሁሉ የማይችለው ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱ የሚሄደው በሰው ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያደረሱልን ተማሪና መምህር ናቸው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደሠሩ ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡት ጥቃቅን ምልክቶች ግን ዜማውን ለሚያውቅ ያስታውሳሉ እንጂ ለማያውቅ አያስተምሩም። ስለዚህ ተማሪው እያንዳንዱን የዜማ ትምህርት ክፍል በየምስክር ቤቱ፣ ማለትም ዕውቀቱ ተፈትኖ በሚጸናበት ጉባኤ፣ ሊፈጽም መንገድ ይወጣል፦ ለድጓ ምስክር በጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር። ተማሪው ከአንድ መምህር ወደ ሌላው መሄዱ ስሕተትን ያጠራል፤ የአንዱ መምህር ጉድለት በሌላው ዘንድ ይታረማል። የምስክር ቤቱ መኖር ደግሞ ቅጂዎቹ ሁሉ የሚመሳከሩበት አንድ ቦታ ይሰጣል።

ከእናንተ ክራር የሚመታ፣ ሽመና የሚያውቅ፣ ፕሮግራም የሚጽፍም ቢሆን ቢያንስ ሦስት ሰው ያስተምር፤ ሦስቱም ከአንድ ቤት አይሁኑ። አንድ ተማሪ አገር ይለቃል፣ አንዱ ሥራ ይቀይራል፣ አንዱ ይቀራል። ስታስተምሩ የሚሠራውን ብቻ አታሳዩ፤ የተበላሸው ምን እንደሚመስልና ከምን እንደመጣ አሳዩ። ክሩ በየትኛው ጥብቀት እንደሚበጠስ ያልሰማ ተማሪ ያንን ለማወቅ ብዙ ክር ይበጥሳል። ከዚያ ተማሪያችሁ ሌላ ሰው ሲያስተምር አጠገቡ ተቀምጣችሁ ዝም በሉ። የሚደናቀፍበት ቦታ እናንተ ሳትናገሩት ያለፋችሁት ነው፤ ማስታወሻ ያዙ።

ታዲያ ዝና ምን ይጠቅማል? ብዙ ሽማግሌ «ናቁት» ይላችኋል። እኔ ናቁት አልልም፤ ቶሎ ተጠቀሙበት እላለሁ። ስማችሁ በሚጠራበት ጊዜ የቤተ መዛግብት ኃላፊ ደብዳቤያችሁን ያነባል፣ ዩኒቨርሲቲ ሣጥናችሁን ይቀበላል፣ ስቱዲዮ ዋናውን ቅጂ ይሰጣችኋል። ከ20 ዓመት በኋላ ያው ሣጥን የቤት ማጽጃ ቀን ዕቃ ይሆናል። መጽሐፍ ስታሳትሙ ቅጂውን ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ አስገቡ፤ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ስጡ፤ ለትውልድ ከተማችሁ ቤተ መጻሕፍት አንድ፣ በውጭ አገር ላለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አንድ። ስትሰጡ የርክክብ ወረቀት ያዙ፦ ምን፣ ስንት፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደሚነበብ።

ውል ስትፈርሙም እንዲሁ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ለወራሽ መልካም ነው፤ ለሥራው ግን ወጥመድም ሊሆን ይችላል። ወራሾቹ ተበታትነው ማን እንደሚፈቅድ ካልታወቀ፣ ሕግ አክባሪ አሳታሚ ሁሉ እጁን ይሰበስባል፣ ሥራውም ሳይታተም ያረጃል። ስለዚህ በሕይወት ሳላችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ከእኔ በኋላ ፈቃድ የሚሰጠው እከሌ ነው፣ እርሱ ባይኖር እከሊት ናት፣ ለትምህርትና ለጥናት ግን ማንም ሳይጠይቅ ይጠቀም። ከአሳታሚ ወይም ከፕሮዲዩሰር ጋር ያላችሁ ውል ለስንት ዓመት፣ ለየትኛው አገር፣ ለየትኛው ዓይነት ቅጂ እንደሆነ፣ ዋናው ቅጂም በማን እጅ እንደሚቆይ በግልጽ ይጻፍ። «ሁሉንም መብት» የሚል ቃል ካያችሁ ብዕሩን አስቀምጡ።

ሁሉን ማስቀመጥ ደግሞ አይሆንም። አርባ ሺህ ፎቶ የሚወርስ ልጅ አንዱንም አያይም። በዓመት መቶ ምረጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ ማን፣ የት፣ መቼ የሚል ጻፉ። ከዘፈን ረቂቅ፣ ከግጥም ስርዝ ድልዝ ግን የተወሰነውን አትጣሉ፤ ያለቀው ሥራ ብዙ ቅጂ አለው፣ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየው ግን አንድ ነው። የሽልማት ዋንጫውን ለማን እንደምታወርሱ አትጨነቁ። ፎቶ አንሥታችሁ ከጽሑፉ ጋር አኑሩ፤ ዋንጫው ቦታ ይይዛል እንጂ የሚናገረው ነገር የለውም።

የሚስጥር ቃሎቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ለምታምኑት ሰው ስጡ፤ በየዓመቱ አድሱት። ሣጥኑ በማን ቤት እንዳለ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ፤ አንዱ ከእናንተ በዕድሜ የሚያንስ ይሁን። በሣጥኑ ላይ ወፍራም ወረቀት አሥራችሁ በእርሳስ ጻፉ፤ ማርከር ብርሃን ያደበዝዘዋል። ጽሑፉም በክዳኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በጎኑም ይሁን፤ ሣጥን ሲደራረብ ክዳኑ አይታይም።